አንድ ጠብታ ዘይት ለጓንጉል ጠመንጃ

ተረት ልጀምር ነው፤ «ወዲህ በለው» በሉኝ። ባትሉኝም እጀምራለሁ፤ አፌ አንዴ ከተከፈተ መዝጊያው ይጠፋኛል።

ወሎ ውስጥ፣ ደጋው አልቆ ቆላው ሊጀምር ሲል፣ ያምሮት የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ጓንጉል ሲሞት ቤት፣ ማሳና አንድ ጠመንጃ ትቶላት ሄደ። ጠመንጃው ባለ ሁለት አፈሙዝ ነው፤ መሃሉ ላይ ታጥፎ ይከፈትና ጥይት ይጎርሳል። ጓንጉል በሕይወት ሳለ ከርከሮና ዝንጀሮ ያባርርበት፣ ሠርግና ለቅሶ ላይ ደግሞ ይንጎራደድበት ነበር። ያምሮት ባሏን ትወደው ነበር። ይህን ሳልሸፋፍን እናገራለሁ፤ ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚሁ ፍቅር ነውና።

ከቀብር መልስ ጠመንጃውን አንስታ አየችው። ደርቆ ገርጥቶ ታያት። «የሰው ራስ ሲደርቅ ቅቤ ይቀባል፤ የጓንጉል ጠመንጃ ከማን ያንሳል?» አለችና ለጋ ቅቤ አመጣች። ከአፈሙዝ እስከ ሰደፍ ለቀለቀችው። በሁለቱም አፈሙዝ ጣቷ እስከገባላት ድረስ ጠቀጠቀችበት። በበግ አጎዛ ጠቅልላ ከምድጃው በላይ ሰቀለችው። ጎረቤቶቿ «ወይ ያምሮት! ባል እንዲህ ይከበር እንጂ!» አሉ። «ኧረ ተይ» ያላት አንድም ሰው የለም፤ በዚያ ሰፈር ሰው ለወደደው ነገር ሁሉ የሚያውቀው ቅባት ቅቤ ብቻ ነበር።

ክረምት ገባ፣ ክረምት ወጣ። ቅቤው ኮመጠጠ። አጎዛው እርጥበት ጠጣ። አይጥ ማንገቻውን በላች። ብረቱ ዛገ። ተርብ በአንደኛው አፈሙዝ ውስጥ የጭቃ ቤት ሠራች። ከታች ሆኖ ሽቅብ ለሚያየው ግን ጠመንጃው አጎዛው ውስጥ በምቾት የተኛ ይመስል ነበር።

የጓንጉል ሙት ዓመት ሲቃረብ የጓንጉል ታናሽ ወንድም መጣ። ስሙ ቢረሳው ነው። እንዲህ ቢባልም ምንም ነገር ረስቶ አያውቅም፤ የሌላ ሰው ንብረትማ ጭራሽ።

«እታለም፣» አላት፣ «በሙት ዓመቱ ቀን የወንድሜ ጠመንጃ እንደ ወጉ ለቅሶተኛው ፊት ይቀመጣል። ሽማግሌዎች ይከፍቱታል፣ ያዩታል። ጸድቶ ከተገኘ ያንቺ ነው። ዝጎ ከተገኘ ግን እወስደዋለሁ። ብረት ሴት ቤት ውስጥ ይሞታል።»

«ዝገት ወንድና ሴት ይለያል እንዴ?» አለች ያምሮት።

«እናያለን» አለና ቢረሳው ሄደ።

ያምሮት ጠመንጃውን አወረደች። አጎዛውን ገለጠች። ሽታው አፍንጫዋን መታት። ልትከፍተው ታገለች፤ አልከፈት አላት። ጉልበቷ ላይ አድርጋ ታገለች፤ አሁንም አልከፈት አላት። ያኔ ደነገጠች። ጠመንጃው ከሄደ ጓንጉል ሁለተኛ ጊዜ ከቤት የሚወጣ መሰላት። የምትፈልገው ትንሽ ነገር ነው፤ ጠመንጃው ተከፍቶ ይጽዳላት። ሌላ አልጠየቀችም።

ጠመንጃውን አፈሙዙን ወደ ሰማይ አድርጋ ተሸከመችና ጠመንጃ ጠጋኙ አያ ዳምጠው ዘንድ ሄደች። ዳምጠው ሽማግሌ ነው፤ ከሰው ይልቅ ከብረት ጋር ሲያወራ ይቀናዋል።

«አያ ዳምጠው፣ ጠመንጃውን ያጽዱልኝ። ጠመንጃው ለጓንጉል ሙት ዓመት ነው።»

ዳምጠው ጠመንጃውን ተቀበለ፣ አሸተተ፣ ቀና ብሎ አያት። «ያምሮት፣ ይህን ጠመንጃ ልታገቢው ነው ወይስ ልትድሪው?»

«ቅቤ ትንሽ ቀብቼው ነበር።»

«ትንሽ! በዚህስ አንድ መንደር ይሠረግበታል። ቅቤ ውስጡ ውሃ አለ፣ ጨውም ይኖረዋል፤ ብረት ይበላል እንጂ አያበላም። ማጠፊያው ተጣብቋል። የወፍጮ ሞተር ዘይት አምጪልኝ፤ አንድ ጠብታ ማጠፊያው ውስጥ ካልገባ አልነካውም። በጉልበት ከከፈትኩት ይሰበራል።»

ጠመንጃው አልከፈትም አለ፤ ዳምጠው ያለ ዘይት አልነካም አለ። ያምሮት ጠመንጃዋን ተሸክማ ወደ ወፍጮ ቤት ወረደች። የተወችው ቦታ ቢረሳው እንዳይደርስበት ስለ ፈራች ጠመንጃውን በሄደችበት ሁሉ ይዛው ትዞር ነበር።

ወፍጮ ቤቱ ጸጥ ብሏል። ባለወፍጮው ይመር ደጃፉ ላይ አገጩን ይዞ ተቀምጧል።

«ይመር ወንድሜ፣ አንድ ጠብታ ዘይት ስጠኝ። ዘይቱ ለዳምጠው፣ ዳምጠው ለጠመንጃው፣ ጠመንጃው ለጓንጉል ሙት ዓመት።»

«ዘይትስ በበርሜል ሙሉ አለ፣» አለ ይመር፣ «ግን ወላሂ ብዬ ምያለሁ። ሞተሩን ከወፍጮው የሚያያይዘው ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ተበጥሶ ቆሜያለሁ። ሰው እህሉን ወደ ሌላ ወፍጮ እየጫነ ፊቴ ላይ ያልፋል። ተናድጄ ‹ወፍጮዬ ሳይጮህ ይህን በርሜል አልከፍትም› ብዬ ማልኩ። አሁን ምን ይሻለኛል?»

«ማን ማል አለህ?»

«ማንም። ንዴት ነዋ! ቺንጋውን የምሰፋበት ጠፍር አምጪልኝ። ወፍጮው ይጮሃል፣ መሐላዬ ይፈታል፣ ዘይቱን ትወስጃለሽ።»

ጠመንጃው አልከፈትም አለ፤ ዳምጠው ያለ ዘይት አልነካም አለ፤ ይመር ያለ ጠፍር በርሜል አልከፍትም አለ። ያምሮት ጠመንጃዋን ተሸክማ ወደ ቆዳ አልፊው ወደ አሰጌ ቤት ሄደች። የአሰጌን ቤት ለማግኘት ማንንም መጠየቅ አያስፈልግም፤ አፍንጫ ይመራል። የዚያን ቀን ግን ሽታው ከወትሮው ብሶ ነበር።

«አሰጌ ወንድሜ፣ ጠፍር ቁረጥልኝ። ጠፍሩ ለይመር፣ ይመር ለዘይቱ፣ ዘይቱ ለዳምጠው፣ ዳምጠው ለጠመንጃው፣ ጠመንጃው ለጓንጉል ሙት ዓመት።»

«እትዬ ያምሮት፣ አፍንጫሽ አልነገረሽም?» አለ አሰጌ። «ያለኝ አንድ የበሬ ቆዳ ነው፤ እሱም ጨው አጥቶ ሊበላሽብኝ ነው። ከእሱ ጠፍር ብቆርጥልሽ ነገ እጅሽ ላይ ይበጣጠሳል። ይመርም ‹አሰጌ የበሰበሰ ሰጠኝ› ብሎ ሌላ መሐላ ይምላል። ጨው አምጪልኝ።»

ጠመንጃው አልከፈትም አለ፤ ዳምጠው ያለ ዘይት አልነካም አለ፤ ይመር ያለ ጠፍር በርሜል አልከፍትም አለ፤ አሰጌ ያለ ጨው ጠፍር አልቆርጥም አለ። ያምሮት ጠመንጃዋን ተሸክማ ወደ ጨው ነጋዴው ወደ እንድሪስ ሄደች። እንድሪስ ጓሮ ቆሞ በቅሎውን ያባብላል። በቅሎዋ ወደ እሱ ዞር ብላም አታይ።

«እንድሪስ ወንድሜ፣ ጨው ስጠኝ። ጨው ለአሰጌ፣ አሰጌ ለጠፍሩ፣ ጠፍሩ ለይመር፣ ይመር ለዘይቱ፣ ዘይቱ ለዳምጠው፣ ዳምጠው ለጠመንጃው፣ ጠመንጃው ለጓንጉል ሙት ዓመት።»

እንድሪስ ትንፋሹን ሳብ አደረገ። «እህቴ፣ አንቺ ስትናገሪ እኔ ደከመኝ። ጨውማ ነበረኝ፤ ግን ከወንዝ ማዶ፣ ዘመድ ቤት ነው ያለው። የሚጭንልኝ የለም። በቅሎዬ ገጣባ ሆነችብኝ፤ ይኸው ጀርባዋን እዪው።»

ያምሮት አየችው። ኮርቻው የበላው ቁስል ቀልቷል።

«ያለ ማር አይድንም» አለ እንድሪስ። «ንጹህ ማር ቁስሉ ላይ ባደርግላት ትድናለች። ትናንት ባዶ ኮርቻ ብጭንባት ነከሰችኝ። እኔም ብሆን እነክስ ነበር። ማር አምጪልኝና ጨውሽን ላምጣ።»

ጠመንጃው አልከፈትም አለ፤ ዳምጠው ያለ ዘይት አልነካም አለ፤ ይመር ያለ ጠፍር በርሜል አልከፍትም አለ፤ አሰጌ ያለ ጨው ጠፍር አልቆርጥም አለ፤ በቅሎዋ ያለ ማር አልጫንም አለች። ከሁሉም ልክ የነበረችው በቅሎዋ ናት፤ ሌሎቹ ሰበብ ነበራቸው፣ እሷ ግን ቁስል ነበራት። ያምሮት ጠመንጃዋን ተሸክማ ገደሉ አፋፍ ወደሚኖረው ንብ አናቢ፣ ወደ አያ ጥጋቡ ሄደች። መንገዱ ቁልቁለት ነው፤ ጠመንጃውም ከጠዋቱ ይልቅ ከብዷታል።

ጥጋቡ ከጎጆው ደጃፍ ላይ ወንጭፍ ይዞ ተቀምጦ ወደ ዋርካው ያፈጣል። ዋርካው ላይ ቀፎዎቹ ተሰቅለዋል። ቀፎዎቹ መካከል ደግሞ ዝንጀሮዎች ተሰቅለዋል።

«አያ ጥጋቡ፣ ማር ይስጡኝ» አለች ያምሮት፤ ትንፋሿ እየተቆራረጠ። «ማሩ ለበቅሎዋ፣ በቅሎዋ ለጨው፣ ጨው ለአሰጌ፣ አሰጌ ለጠፍሩ፣ ጠፍሩ ለይመር፣ ይመር ለዘይቱ፣ ዘይቱ ለዳምጠው፣ ዳምጠው ለጠመንጃው፣ ጠመንጃው ለጓንጉል ሙት ዓመት።»

«ማሩ ያውልሽ!» አለ ጥጋቡ በወንጭፉ እየጠቆመ። «ሂጂና ከእነሱ ተቀበይ። ዋርካውን ርስት አደረጉት። ያ አውራው፣ ያ ጎፈሬውን ያንዠረገገው ገመሬ፣ ትናንት አንዱን ቀፎ ከላይ ወርውሮ ሰበረብኝ። ድንጋይ ብወረውር መልሶ ይወረውርልኛል። ዱላ ንቀዋል፣ ወንጭፍ ንቀዋል። የሚፈሩት ጠመንጃ ብቻ ነው።» ይህን ብሎ ሲጨርስ ዓይኑ ትከሻዋ ላይ አረፈ። «አንቺ! ይዘሽ የለም እንዴ! አንዴ ዷ አድርጊልኝና የፈለግሽውን ማር እቆርጥልሻለሁ።»

«አይተኩስም» አለች።

«ለምን?»

«አልከፈት ብሎ።»

«አስከፍቺዋ!»

«ለማስከፈት ዘይት ነው። ዘይቱ በመሐላ ታስሯል። መሐላው በጠፍር ይፈታል። ጠፍሩ ከቆዳው ነው። ቆዳው ጨው ይላል። ጨው በቅሎ ይላል። በቅሎዋ ማር ትላለች። ማሩ እርስዎ ዘንድ ነው።»

ጥጋቡ በጣቶቹ ቆጠረው። ሲጨርስ ከት ብሎ ሳቀ። «እንግዲያ ጠመንጃው እንዲከፈት መጀመሪያ ጠመንጃው መከፈት አለበት ነው የምትዪኝ?»

ያምሮት አልሳቀችም። ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና አለቀሰች። ለባሏ ስታለቅስ ሰው ይዟት፣ ሙሾ አውራጅ ግጥም ሰጥቷት ነበር፤ አሁን ግን ለብቻዋ ያለ ግጥም አለቀሰች። ጥጋቡ አፈረና ወንጭፉን ማጠፍና መዘርጋት ያዘ።

ለቅሶ ሲበቃ ዓይን ይጠራል። ያምሮት ቀና ስትል ገመሬው ከዋርካው ወርዶ እያያት ነበር። መጀመሪያ ጠመንጃውን አየና አንገቱን ቀበረ፤ ወደ ኋላም አንድ እርምጃ አለ። ቀጥሎ ዓይኑን ወደ ቀሚሷ አወረደ። ያኔ ተረጋጋ፤ ተቀምጦም ብብቱን ማከክ ጀመረ።

«አዩት?» አለች ያምሮት።

«አየሁት። ዝንጀሮ ሴት ይንቃል፤ ጠመንጃ ብትይዥም አያምንሽም» አለ ጥጋቡ።

«ጠመንጃው መዛጉን ግን አያውቅም።»

«ከየት ያውቃል?»

«እንግዲያው ነገ ጠዋት ይጠብቁኝ» አለችና ተነሳች።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ከገደሉ አፋፍ አንድ ሰው ብቅ አለ። እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ካፖርት ለብሷል፤ ቆብ ደፍቷል፤ ባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃ ይዟል። ጥጋቡ ዓይኑን አሸት አሸት አደረገና «በስመ አብ!» አለ፤ የጓንጉልን ካፖርት ያውቀዋልና።

ባዶ ጠመንጃ ሁለት ሰው ያስፈራል ይባላል፤ የተደገነበትንም የደገነውንም። ያምሮት በጣም ፈርታለች። ፍርሃቷን ግን ረጅሙ ካፖርት ደበቀላት። ጠመንጃውን ከዋርካው ጫፍ በላይ ወደ ሰማይ አነሳችና፣ ከቀብሩ ወዲህ በፉከራ ያልተጠራውን ስም ጠራች፦

«ዘራፍ! ጓንጉል የቆላው ነበልባል፣
ሲቆጣ ገደል ይናዳል፣
ያየው ሁሉ ጉድጓድ ያምረዋል!»

ድምጿ የራሷ አልመስል አላት። ገመሬው ጠመንጃውን አየ፤ ካፖርቱን አየ፤ ቀሚስ ፈለገ፤ አጣ። አንዴ ጮኸና ገደሉን ቁልቁል ተንደረደረ። መንጋው ሁሉ ልጆቹን በጀርባው እያዘለ ተከተለው። ዋርካው ላይ የቀሩት ቀፎዎቹና ንቦቹ ብቻ ነበሩ። ያምሮት ቆቡን አውልቃ እየሳቀችም እያለቀሰችም ቆመች።

ከዚህ ወዲያማ ነገሩ እንደ ልቃቂት ተተረተረ። ዝንጀሮው ሸሸ፤ ጥጋቡ ማር ቆረጠ። ማር ተቆረጠ፤ የበቅሎዋ ቁስል ጠገገ። በቅሎዋ ዳነች፤ እንድሪስ ጨው አመጣ። ጨው መጣ፤ የአሰጌ ቆዳ ከመበስበስ ዳነ። ቆዳው ዳነ፤ ጠፍር ተቆረጠ። ጠፍር ተቆረጠ፤ ቺንጋው ተሰፋ። ቺንጋው ተሰፋ፤ ወፍጮው ጮኸ። ወፍጮው ጮኸ፤ መሐላው ተፈታ። መሐላው ተፈታ፤ በርሜሉ ተከፈተ። ይመር ከደስታው ብዛት በጠርሙስ ሙሉ ሊቀዳላት ነበር፤ ያምሮት «አንድ ጠብታ ነው የተባልኩት» ብላ በትንሽ ብልቃጥ ተቀበለች። ይህ ሁሉ የተባለው በአንድ ትንፋሽ ነው፤ የሆነው ግን በአንድ ትንፋሽ አይደለም። በቅሎ እስክትድን፣ ቆዳ እስኪደርቅ ቀን ይፈጃል፤ ሙት ዓመቱም ደጃፍ ላይ ደርሶ ነበር።

ዳምጠው የዶሮ ላባ ዘይቱ ውስጥ ነከረና ማጠፊያው ላይ ጠብ አደረገ። አፈሙዙን ሰው ወደማይሄድበት ገደል አዙሮ አጋደመውና «ይጠጣበት፤ አትቸኩዪ» አላት። ሲመለስ በእንጨት መዶሻ ቀስ ብሎ መታ መታ አደረገው። ጠመንጃው ቀጭ አለና ተከፈተ።

ዳምጠው ወደ ውስጥ አየ። ፊቱ አመድ መሰለ። በጣቱ ቆፈር ቆፈር አድርጎ ከግራው አፈሙዝ አንድ ያረጀ ጥይት አወጣ።

«ያምሮት፣ ይህን አጉርሰሽ ነው አገሩን ያዞርሽው?»

«ጓንጉል ‹ባዶ ነው› ይለኝ ነበር!»

«ነፍሱን ይማረውና፣ ሁሉም ባለጠመንጃ ‹ባዶ ነው› ይላል። ጠመንጃ ባዶ የሚባለው ሲከፈት፣ በዓይን ሲታይ፣ በጣት ሲዳሰስ ነው። እስከዚያ ሙሉ ነው። ሰውን የሚፈጀው ባዶ የተባለው ነው።»

ያምሮት በወፍጮ ቤቱ፣ በበቅሎዋ አጠገብ፣ በጥጋቡ ደጃፍ ምን ይዛ እንዳለፈች አሰበችና መሬት ላይ ቁጭ አለች። ጓንጉል ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናደደችበት። «አንተ ግድየለሽ!» አለችው ጮክ ብላ። ወዲያው ደግሞ ቀለል አላት፤ ዓመት ሙሉ ስታሞግሰው ከርማ መውቀስ ናፍቋት ኖሯል።

ዳምጠው ጥይቱን ወደ ጎን አስቀመጠና ዘንጉን ለእሷ ሰጣት። «አንቺው አጽጂው። እኔ ነገ እሞታለሁ፤ ጠመንጃው ግን ከነገ ወዲያም ይዝጋል።»

አፈሙዙን ከሰደፉ ለያየችው። የተርቡን የጭቃ ቤት በዘንግ ገፍታ አስወጣች። የኮመጠጠውን ቅቤ በሳሙናና በፈላ ውሃ አጠበች፤ ውሃው ቢጫ ሆኖ ወረደ። ፀሐይ ላይ አደረቀችው። ላምባ የነካ ጨርቅ ዘንጉ ላይ ጠምጥማ በሁለቱም አፈሙዝ ገፋች፣ ጎተተች። ጨርቁ ቡናማ ሆኖ ወጣ፤ ጣለችው። ሌላ ጨርቅ ቡናማ ሆኖ ወጣ፤ ጣለችው። ክንዷ እስኪዝል ገፋች፣ ጎተተች፤ በመጨረሻ ጨርቁ እንደገባ ነጭ ሆኖ ወጣ።

«አሁን ዘይት» አለ ዳምጠው። ብልቃጡን ልትደፋበት ስትል እጇን ያዘ። «ኧረ! ይህም ቅቤ መሰለሽ? ጨርቁ ጫፍ ላይ ጠብ አድርጊና አብሺው። እንደ ጤዛ ነው እንጂ እንደ ጎርፍ አይደለም።»

«ስሰቅለውስ?»

«መጀመሪያ ከፍተሽ ባዶ መሆኑን እዪ። አጎዛ አታልብሺው፤ አጎዛ ላብ ይይዛል። ምድጃ ላይ አትስቀዪው፤ ጢስ ይበላዋል። ደረቅ ግድግዳ ላይ አፈሙዙን ወደ ታች አድርጊ፤ ዘይቱ ወርዶ እንጨቱን እንዳያበሰብሰው። ጥይቱን ሌላ ቦታ ቆልፊበት። ክረምት ሲገባ ቶሎ ቶሎ አውርደሽ አብሺው።» ትንሽ አሰበና ጨመረ፤ «ቅቤውን ደግሞ ለራስሽ ተቀቢው፤ ፀጉርሽ ደርቋል።»

የሙት ዓመቱ ቀን ደረሰ። ዳሱ ሞላ። ጠመንጃው ነጭ ጋቢ ላይ ተጋድሞ ለቅሶተኛው ፊት ተቀመጠ። ቢረሳው ለመሸከም ይመቸው ዘንድ አዲስ ማንገቻ ገዝቶ መጥቷል። ሽማግሌዎቹ ጠመንጃውን ከፈቱ፤ እንደ ቅቤ ልስልስ ብሎ ተከፈተ። እያዩ ዞሩ። ተራው ሲደርሰው ቢረሳው አፈሙዙን ወደ ሰማይ አዙሮ በአንድ ዓይኑ አሾለቀ። ሁለት የጠሩ የብርሃን ቀለበቶች አየ። የጋቢውን ጫፍ በጣቱ ከትቶ አሸው፤ ጋቢው ነጭ ሆኖ ወጣ። ማጠፊያውን አሸተተው፤ የሞተር ዘይት ብቻ ሸተተው።

ሰው ሁሉ ቢረሳውን አየው።

«ብረት ሴት ቤት ውስጥ ይሞታል ብዬ ነበር» አለ ቢረሳው። ጠመንጃውን በሁለት እጁ፣ ጎንበስ ብሎ ሰጣት። ማንገቻውንም ጨምሮ ሰጣት፤ ይዞት ቢመለስ የባሰ ያፍር ነበር። ከዚያ ድምጹን ዝቅ አድርጎ «እታለም፣» አለ፣ «እነዚያ ከጥጋቡ ዋርካ ያባረርሻቸው ዝንጀሮዎች ወዴት እንደሄዱ ታውቂያለሽ?»

«ወዴት ሄዱ?»

«ወደ እኔ ማሳ። ማሽላዬን ፈጁት።»

ያምሮት አልሳቀችም እንዳልል ስቃለች፤ በነጠላዋ ሸፍና። «ነገ ጠዋት እመጣለሁ» አለችው።

በማግስቱ መጣች። ካፖርቱ ግን አልነበረም፤ በዚያ አገር የሟች ልብስ ከሙት ዓመቱ በኋላ ለነዳያን ይሰጣል እንጂ ቤት አይውልም። ቆቡም አብሮ ሄዷል። ያምሮት በራሷ ቀሚስ፣ በራሷ ሻሽ፣ አዲሱን ማንገቻ ትከሻዋ ላይ አድርጋ ማሽላው ዳር ቆመች። ገመሬው ከእሸቱ መሃል ቀና አለ። ጠመንጃውን አየ። ዓይኑን ወደ ቀሚሷ አወረደ። ቁጭ አለና ብብቱን ሊያክ እጁን አነሳ።

ቢረሳው ከኋላዋ ሆኖ «ይኸው፣ ሴት ይንቃል፤ ለእኔ ስጪኝ» አለ።

ያምሮት ዞር ብላም አላየችው። የጓንጉልን ፉከራ ልትጀምር አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ሌላ ነበር፦

«ዘራፍ ያምሮት!
ባሏ ቢሞት
ቤቷ የማይሞት!»

ገመሬው እጁ አየር ላይ ቀረ። ድምጹን ያውቀዋል። ቀሚሱን አየ፤ ሴትዮዋን አየ፤ እንደገና ቀሚሱን አየ። ከዚያ ተነሳና ሮጠ፤ መንጋውም ተከተለው። አንድ ጥይት አልተተኮሰም።

ቢረሳው ባርኔጣውን አወለቀ። ያምሮት ጠመንጃውን ከፈተች፣ አየች፣ ዳሰሰች፣ ዘጋች፤ ወደ ቤቷም ሄደች።

ተረቴ እዚህ ላይ ታጥፎ ይዘጋል። ጠመንጃ ያላችሁ ሂዱና ወልውሉ፤ የሌላችሁ ደግሞ ጠላ ቅዱልኝ፣ ጉሮሮዬ ዝጓል።